ክፍተት ያለበት ሲቪ በየትኛው ፎርማት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ እናቴ ስለታመመች ሥራ ለቅቄ ሁለት ዓመት ገደማ ቤት ነበርኩ። ባለፈው አንድ ዓመት የዳታ ትንተና ኮርስ ወስጄ ለሁለት ትንንሽ ድርጅቶች በፍሪላንስ ሪፖርት ሠርቻለሁ። አሁን የዳታ ተንታኝነት ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ‹ቀን አትጻፊ፣ ችሎታሽን ብቻ ደርድሪ፣ ክፍተቱ አይታይም› ትለኛለች። ሌላው ደግሞ ‹የሚጥልሽ ኮምፒውተሩ ነው፣ ቁልፍ ቃል አብዢበት› ይላል። ከኢንተርኔት ፎቶና የኮከብ ደረጃ ያለው ባለ ሁለት ዓምድ ቴምፕሌት አውርጄ ሞላሁ። ያምራል። ግን ብዙ ቦታ ልኬ አንድም የጠራኝ የለም። የትኛውን ፎርማት ልጠቀም? አንድ ገጽ ይሁን ሁለት?»

ምላሽ፦ መልሱን ላስቀድም። ለእርስዎ የሚሆነው ቅይጡ ፎርማት ነው። ከላይ ሦስት መስመር ማጠቃለያና አጭር የችሎታ ክፍል፣ ከሥሩ ደግሞ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ኋላ በቀን የተደረደረ የሥራ ታሪክ። አንድ ዓምድ ብቻ፣ ያለ ኮከብ፣ ያለ ጌጥ። ቀን የሚደብቀውን አይሞክሩት። ያወረዱትንም ቴምፕሌት ይተዉት፣ ቢያምርም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ እሱ ካልገባዎት ነገ ሌላ ወዳጅ ሌላ ምክር ይዞ ሲመጣ እንደገና ስለሚወዛገቡ ነው።

ስማቸው ይብዛ እንጂ ለሥራ ፍለጋ የሚያገለግሉት ፎርማቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በጊዜ ቅደም ተከተል የሚጻፈው ነው። የመጨረሻው ሥራ መጀመሪያ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሥራ ከድርጅቱ ስም፣ ከመደቡና ከቀኑ ጋር ይቀመጣል። ሁለተኛው በችሎታ ላይ የቆመው ነው። «የሪፖርት ዝግጅት»፣ «የቡድን አመራር» እያለ በርዕስ ይከፋፈላል፤ የት እና መቼ የሚለውን ወይ ይዘለዋል ወይ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያጣምረው ነው። ጓደኛዎ የመከረችዎ ሁለተኛውን ነው።

ሲመርጡ ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻው ሥራዬ ከምፈልገው ሥራ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? የሚቀራረብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ነርስ ሆኖ የነርስ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ በቅደም ተከተል ይጻፍ፣ አለቀ። ዘርፍ የሚቀይር ሰው ቅይጡን ይያዝ። በችሎታ ብቻ የሚጻፈውን የምመክረው በጣም ለጥቂት ሰው ነው። ሙያውን ሳይቀይር ለብዙ ደንበኞች ተመሳሳይ ሥራ እየደጋገመ የኖረ አማካሪ ወይም ተርጓሚ ሠላሳ ውል በየተራ ቢዘረዝር አንባቢ ያሰለቻል፤ እሱ ሥራዎቹን በዓይነት ይሰብስባቸው። እሱም ቢሆን ቀኑን አይተውም።

አሁን ወደ አንባቢው እንሂድ። ለአንድ ክፍት ቦታ መቶና ሁለት መቶ ማመልከቻ ሲገባ ቅጥር ክፍል ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ለመለየት ነው። «ይህ ይታይ፣ ይህ ይቅር» ይላል። ዘ ላደርስ የሚባል የሥራ ማፈላለጊያ ድርጅት የቀጣሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የመጀመሪያው እይታ 6 ሴኮንድ ገደማ ነው አለ። በ2018 ሲደግመው 7.4 ሴኮንድ ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የሠራውም ነጋዴ ድርጅት ነው፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አይያዙት። ይልቅ የሚጠቅመን ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ ነው፦ ስም፣ የአሁኑ መደብና ድርጅት፣ የቀድሞው መደብና ድርጅት፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ ትምህርት። ይህ ሲቪ ሲለይ ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም። ሁላችንም የምናየው እሱኑ ነው።

እንግዲህ ዓይኑ ቀን ፍለጋ ሲሄድ ቀን ቢያጣ ምን ያደርጋል? ጓደኛዎ «አያስተውልም» ብላ ነው የምታስበው። እኔ ግን የማውቀው ተቃራኒውን ነው። ቀን የሌለው ሲቪ ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳብ «ምን እየደበቀ ነው?» ነው። አንባቢው የሁለት ዓመቱን ክፍተት አያውቅም፤ ስለዚህ አምስት ዓመት ሊመስለው ይችላል፣ ከሥራ የተባረሩ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ከሚጠረጥረው ሁሉ ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን ለግምት ይተዉለታል? ደግሞም ብዙ ቦታ ሲቪው ከተጫነ በኋላ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ወርና ዓመት ይጠይቃል። የደበቁት ነገር ከሁለት ደቂቃ በኋላ በራስዎ እጅ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ችሎታን ብቻ ዘርዝሮ ሥራ መጠየቅ የዘመኑ ፈጠራ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው ደብዳቤ አለ። ቀላል ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እሠራለሁ እያለ ተራ በተራ ይቆጥራል። ሥዕል መሳሉን የሚያነሳው መጨረሻ አካባቢ ነው። የት ሠርቶ እንደነበር አንድም ቃል የለም። የችሎታ ሲቪ የሚወዱ ሰዎች ይህን ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ያመጡታል። እኔ የምወስድለት ግን ሁለት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ገዢው ጦርነት ላይ ስለነበር የጦሩን ነገር አስቀደመ፤ አንባቢው የሚፈልገው ከላይ ወጣ። ሁለተኛ፣ ከተጠራጠሩኝ በፈለጋችሁት ቦታ ሠርቼ ላሳያችሁ ብሎ ጨረሰ። ማስረጃ ሊያቀርብ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። እርስዎም እነዚህን ሁለቱን ይውሰዱ፣ ቀኑን ግን አይጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «የቅርብ ጊዜ ሥራዋ ፍሪላንሱ ከሆነ፣ ተራ ቅደም ተከተልም እኮ እሱን ከላይ ያወጣዋል» ሊል ይችላል። ልክ ነው። የእርስዎ ታሪክ በቅደም ተከተል ብቻ ቢጻፍም መጥፎ አይሆንም። ቅይጡን የመረጥኩት በክብደቱ ምክንያት ነው። ፍሪላንሱ ሁለት ትንንሽ ሥራ ነው፤ የሒሳብ ሥራው ስድስት ዓመት ነው። ገጹን የሚሞላው ስድስት ዓመቱ ይሆንና አንባቢው «የሒሳብ ባለሙያ» ብሎ ያልፍዎታል። ከላይ ያለው ማጠቃለያ ታሪኩ ከየትኛው ወገን እንደሚነበብ ይነግረዋል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ገጹን ግማሽ ከያዘ ግን ተመልሶ የችሎታ ሲቪ ይሆናል።

ማጠቃለያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በሒሳብ ሥራ የስድስት ዓመት ልምድ ያላት የዳታ ተንታኝ። የሽያጭና የወጪ መረጃ በኤስኪውኤልና በፓወር ቢአይ አጽድታ ለአመራር ውሳኔ የሚሆን ሪፖርት ታዘጋጃለች። በፋይናንስ ወይም በኦፕሬሽን ትንተና ክፍል ውስጥ መሥራት ትፈልጋለች።» በቃ። (ኤስኪውኤል ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ ቋንቋ ነው፤ ፓወር ቢአይ ደግሞ መረጃን በሥዕላዊ ሪፖርት የሚያሳይ ሶፍትዌር።) «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ ጫናን የምቋቋም» የሚለውን ያውጡት። ማንም ሰነፍ ነኝ ብሎ አይጽፍም፤ ስለዚህ ቃሉ ምንም አይለይም። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስጻፉት ከሆነም ጮክ ብለው ያንብቡት። አሁን አሁን የሚመጡት ማጠቃለያዎች በአንድ እጅ የተጻፉ እስኪመስሉ ይመሳሰላሉ፤ የእርስዎ ድምፅ የሌለበት መስመር ካለ ያውቁታል።

የችሎታ ክፍሉ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃዋል። መሣሪያዎችን በአንድ መስመር (ኤክሴል፣ ፓወር ኩዌሪ፣ ኤስኪውኤል፣ ፓወር ቢአይ)፣ የሥራ ዕውቀትን በሌላ መስመር (በጀት ክትትል፣ የወር ሒሳብ መዝጊያ፣ የወጪ ትንተና)። እዚያ የጻፉት እያንዳንዱ ነገር ከታች የሥራ ታሪኩ ውስጥ ተመልሶ መታየት አለበት። «ኤስኪውኤል» ከላይ ተጽፎ ከታች የትም ካልተሠራበት ጠያቂው የሚጀምረው ከሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለብዎ ለሒሳብ ሥራዎ መስመሮች ነው። እዚህ ላይ ነው ዘርፍ የሚቀይሩ ሰዎች ሀብታቸውን የሚቀብሩት። አብዛኛው ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ «ወርሃዊ ሪፖርት የማዘጋጀት ኃላፊነት ነበረኝ።» ይህ የሥራ መዘርዝር ነው፤ ከርስዎ በፊት የነበረውም ሰው ይህን ሊጽፍ ይችላል። ምን አደረጉ? ምሳሌ ልስጥዎት። «ከአራት ቅርንጫፍ በተለያየ የኤክሴል ፋይል የሚመጣውን የሽያጭ መረጃ በፓወር ኩዌሪ ወደ አንድ ሠንጠረዥ አመጣሁ፤ ወር መዝጊያ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ወረደ።» ሥራው ያው ነው። አሁን ግን የዳታ ሥራ መሆኑ ይታያል፦ መረጃ ከብዙ ቦታ መሰብሰብ፣ ማጽዳት፣ ማዋሐድ፣ ጊዜ መቆጠብ። ተንታኝ የሚሠራው ይኸው ነው። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ የራስዎን ያስገቡ። ውጤቱን የሚያሳይ ቁጥር ከሌለዎት የሥራውን ስፋት ይጻፉ፦ ስንት ቅርንጫፍ፣ ስንት ሺህ መዝገብ፣ ሪፖርቱ ለማን ይደርስ ነበር። ከሁለቱም ከሌለ ያለ ቁጥር ይጻፉት። ፈጥረው ግን አይጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሃያ በመቶውን እንዴት ለካችሁት?» ሲባል የሚንተባተብ ሰው ሌላውም ነገሩ ውሸት ይመስላል።

ከስድስቱ ዓመት ውስጥ ለዳታ ሥራ የማይጠቅመውን ያሳጥሩ። የደረሰኝ ፋይል አያያዝ፣ የጥቃቅን ወጪ ሳጥን፣ የደመወዝ ቼክ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ግን አያስፈልግም። ለዚያ መደብ አምስት ጥሩ መስመር ከአሥራ ሁለት መካከለኛ መስመር ይሻላል። ፍሪላንሱን ደግሞ «ትንሽ ነው» ብለው አያሳፍሩት። እንደ ማንኛውም ሥራ ይጻፉት፦ መደብ «የዳታ ተንታኝ (ፍሪላንስ)»፣ ቀን፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት መስመር። የደንበኛውን ስም ለመጥራት ፈቃድ ከሌለዎ «አንድ አነስተኛ የችርቻሮ ድርጅት» ማለት ይቻላል። የሠሩትን ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በሥዕል ጠቅልሎ የሚያሳይ ገጽ) የደንበኛው መረጃ ሳይኖርበት በምሳሌ መረጃ እንደገና ሠርተው ሊንኩን ቢያስገቡ ደግሞ የሊዮናርዶ «ሠርቼ ላሳያችሁ» ማለት እሱ ነው።

ክፍተቱስ? በአንድ መስመር፣ በቦታው። «የቤተሰብ እንክብካቤ፣ 03/2022 – 04/2024።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የእናትዎን ሕመም ስም አይጻፉ፣ ይቅርታም አይጠይቁ። ከሥራ መራቅ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሊንክድኢን ራሱ በ2022 የሥራ ዕረፍትን እንደ ማንኛውም ልምድ መመዝገቢያ ቦታ አዘጋጅቷል። ኮርሱን የጀመሩት እዚያው ጊዜ ውስጥ ከነበረ በዚያው መስመር ሥር ያስገቡት። አንዳንዱ ወሩን ትቶ ዓመት ብቻ ይጽፋል። ለሁሉም ሥራ እኩል እስከተደረገ ድረስ ውሸት አይደለም፣ ጥቂት ወር ላላቸው ክፍተቶችም ይሆናል። ለሁለት ዓመት ግን አይሸፍንም፤ አንባቢውም ለምን ወሩ እንደቀረ ይገባዋል። የድሮ ሥራዎን ማብቂያ ቀን ገፋ አድርጎ ክፍተቱን ማጥበብ የሚባለውን ደግሞ በፍጹም አያስቡት። ቀጣሪ ደውሎ የሚያረጋግጠው መጀመሪያ ቀንን ነው። በዚህ የተያዘ ሰው ሥራውን ካገኘ በኋላም ሊያጣው ይችላል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ሁለተኛው ወዳጅዎ የነገሩዎት ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ አሳሳች ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኤቲኤስ በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ ወርክዴይ፣ ግሪንሀውስ፣ ታሌዮ የመሳሰሉት። ሶፍትዌሩ ሲቪውን ተቀብሎ ጽሑፉን ያወጣል፣ ስምን በስም ቦታ፣ ድርጅትን በድርጅት ቦታ፣ ቀንን በቀን ቦታ ለመክተት ይሞክራል፤ ከዚያ ቀጣሪው እንዲፈልግበትና እንዲያጣራበት ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ከማስታወቂያው ጋር እያነጻጸረ በደረጃ ያስቀምጣል። ነገር ግን በፎርማት ምክንያት «ወድቀሻል» ብሎ በራሱ ማባረር የተለመደ አሠራሩ አይደለም። በራሱ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሲያመለክቱ በሚመልሱት ጥያቄ ነው፦ የሥራ ፈቃድ አለዎት? ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ከሆነ ፈቃዱ አለዎት? የተጠየቀውን ዓመት ሠርተዋል? እዚያ ላይ «የለኝም» ያለ ሰው ሲቪው ወርቅ ቢሆን አይረዳውም። የቀረው ብዙ ሲቪ የሚቀረው ደግሞ ማንም ስላልከፈተው ነው። ቀጣሪው ከላይ ካሉት የሚበቃውን ሰው ካገኘ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ማስታወቂያ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማመልከት ከብዙ የፎርማት ዘዴ ይበልጣል።

ቁልፍ ቃልን በተመለከተ፦ ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ስም ይጠቀሙ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ። እነሱ «ዳሽቦርድ» ካሉ እርስዎ «የምስል ሪፖርት ገጽ» አይበሉ፤ ፈላጊው የሚተይበው የራሱን ቃል ነው። ግን ቃሉ ያለበት ቦታ የሠሩበት መስመር ውስጥ ይሁን። ማስታወቂያውን ገልብጦ በነጭ ቀለም ገጹ ግርጌ መለጠፍ የሚባል ብልሃት አለ። ሶፍትዌሩ ቀለም አያውቅም፣ ጽሑፉን አውጥቶ ያሳየዋል። ቀጣሪው ያንን ዝርግፍ ሲያይ የሚስቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ግን አይስቅም።

የቴምፕሌትዎ ችግር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ለዓይን ሁለት ነው፤ ጽሑፍ አውጪው ግን አንዳንዴ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል። ራስዎ መሞከር ይችላሉ። ፒዲኤፉን ይክፈቱ፣ ሁሉንም ይምረጡ፣ ኮፒ ያድርጉና ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። «የሥራ ልምድ ቋንቋ የሒሳብ ባለሙያ እንግሊዝኛ ከ2016 ★★★★ እስከ ኤክሴል» የሚመስል ነገር ከወጣ ምክንያቱን አገኙት። የሒሳብ ባለሙያነትዎና እንግሊዝኛዎ ተደባልቀዋል፤ ቀኑ ከድርጅቱ ተለይቷል። ምንም ካልተለጠፈ ደግሞ ይባስ፣ ሲቪው ምስል ነው ማለት ነው። አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች ዓምድን በተሻለ ያነባሉ፤ የትኛው ድርጅት የትኛውን እንደሚጠቀም ግን አያውቁም። ስልክና ኢሜይልንም የገጽ ራስጌ ውስጥ አያስገቡ፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ራስጌና ግርጌን ይዘላል። በገጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ይጻፏቸው።

ኮከቡ ለሰውም አይጠቅምም። ኤክሴል አራት ኮከብ ከአምስት። ከማን አንጻር? ማን ሰጠው? ፒቮት ቴብል የሚያውቅ ሰውም አራት ይሰጣል፣ ማክሮ (ኤክሴልን በራሱ የሚያሠራ ኮድ) የሚጽፍም አራት ይሰጣል። ይባስ ብሎ እንግሊዝኛ ላይ ሦስት ኮከብ ሲሰጡ «ሁለት ይጎድለኛል» ብለው በራስዎ ላይ ጻፉ ማለት ነው። በኮከቡ ቦታ የሠሩበትን ይጻፉ።

ፎቶ እንደሚያመለክቱበት አገር ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ አይደረግም፤ ቀጣሪዎች የአድልዎ ክስ ስለሚፈሩ ፎቶ ያለበት ሲቪ ያስቸግራቸዋል። በጀርመን ከ2006ቱ የእኩል አያያዝ ሕግ ወዲህ ግዴታ አይደለም፣ ልማዱ ግን አልጠፋም። በጃፓን ሪሬኪሾ የሚባል የተለመደ ቅጽ አለ፣ የፎቶ ቦታ ያለው፤ እዚያ የራስን ፎርማት ይዞ መምጣት አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 የተቋቋመና በ2020 የታደሰ ዩሮፓስ የሚባል አለው። ማስታወቂያው ዩሮፓስ ካለ በዩሮፓስ ይላኩ፣ ቅጽ ካለ ቅጹን ይሙሉ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከቀጣሪው ግልጽ ትእዛዝ በታች ነው። ምንም ካልተባለ ፎቶውን ይተዉት። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና የመታወቂያ ቁጥርም አብረው ይውጡ።

ገጽን በሚመለከት ሰዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። አንድ ገጽ የሚለው ሕግ ለጀማሪ ይሠራል፤ አሥር ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ሁለት ቢሆን ምንም አይደለም። የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሲቪ ጭራሽ ሌላ ነው፣ የኅትመት ዝርዝሩ ብቻ ገጾች ሊሆን ይችላል። የእርስዎ በአንድ ይገባል። ካልገባ ፊደሉን ወደ ስምንት ነጥብ አውርደው ጠርዙን አይፋቁት፤ ከአሥር በታች የወረደ ፊደል ያደክማል። ወይ ይቁረጡ ወይ ወደ ሁለተኛው ገጽ በወጉ ይሻገሩ። ሁለተኛ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን መቁረጡ ይሻላል።

ፋይሉን ማስታወቂያው በጠየቀው ዓይነት ይላኩ። ካልጠየቀ ከወርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ይሁን፤ ታትሞ ስካን የተደረገ አይሁን። በሥራ አገናኝ ኤጀንሲ በኩል ከሆነ ወርድ ይፈልጋሉ፤ ስልክ ቁጥርዎን ከሲቪው አጥፍተው የራሳቸውን አርማ ስለሚለጥፉበት ነው፣ አይክፉባቸው። ሲቪውን ጭነው ቅጹ በራሱ ሲሞላ ደግሞ «ቀጥል» ከማለትዎ በፊት በየሳጥኑ የገባውን ያንብቡ። ድርጅቱ መደብ ቦታ ላይ ከገባ በእጅዎ ያስተካክሉ። ሲቪዎ እንዴት እንደተነበበ በነጻ የሚያዩበት ቦታም ያ ነው።

አሁን ፎርማት የማይፈታውን ልንገርዎት። ብዙ ቦታ ልከው አለመጠራትዎ በቴምፕሌቱ ብቻ ነው ብዬ ላታልልዎት አልችልም። ያመለከቱባቸው ማስታወቂያዎች «በዳታ ትንተና ሦስት ዓመት» የሚሉ ከነበሩ፣ ንጹሕ ሲቪም ብዙ አይገፋዎትም። እኔ እርስዎን ብሆን በጥቅሉ «ዳታ ተንታኝ» የሚለውን ሁሉ አላሳድድም። የፋይናንስ ትንተና፣ የበጀትና ሪፖርት፣ የገቢ ትንተና መደቦችን እፈልጋለሁ። እዚያ ከእርስዎ ጋር የሚወዳደረው ኮድ ከእርስዎ በተሻለ የሚጽፍ ወጣት ነው፤ ግን ዴቢትና ክሬዲት አይለይም። የስድስት ዓመቱ የሒሳብ ሥራ እንደ ሸክም የሚታየው መደቡ ሲሳሳት ነው። ሲቪውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፣ አንዱ ለእነዚህ መደቦች፣ ሌላው ለጠቅላላ የዳታ ሥራ። ልዩነታቸው ማጠቃለያውና የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ይሁን። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አዲስ ሲቪ መጻፍ ግን አይዘለቅም፤ ሰው ሦስት ቀን ሠርቶበት ይተወዋል።

አዲሱን ሲቪ ይዘው ካመለከቱ በኋላ የሚሆነውን ይለዩት። ለሚመጥንዎት መደብ በጊዜ እያመለከቱ ምንም ካልተጠሩ ችግሩ አሁንም ወረቀቱ ወይም የመደብ ምርጫው ነው። ቃለ መጠይቅ ደርሰው ከዚያ ከቀረ ሲቪው ሥራውን ጨርሷል፤ እሱን መነካካት ትተው ልምምዱ ላይ ይሁኑ። ከመላክዎ በፊት ደግሞ የሊንክድኢን ገጽዎን ከሲቪው ጎን ይክፈቱና ቀኖቹንና የመደብ ስሞቹን ያስተያዩ። የማይገጥም ካለ ትክክለኛውን ከሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ አይተው ሁለቱንም ያርሙ።